የግንቦቱ ወረቀት

ለምወድሽ እታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ? የኮከሩ፣ የዚያ የባሕር ውኃ መዝጊያ፣ በርስ ተጠገነ? ባለፈው ደብዳቤሽ የታችኛው ጣውላ በስብሶ አጎት ከትበርት በገመድ እንዳሰሩት ጽፈሽልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዝናብ በሰማሁ ቁጥር ልቤ እዚያ በር ላይ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ያ በር ካልተዘጋ ውኃው መጀመሪያ የሚገባው እኛ ቤት መሆኑን ለአንቺ አልነግርሽም። ከነሐሴ ወዲህ ደብዳቤሽ አልደረሰኝም። ተቀይማኝ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ብትቀየሚኝም እውነት አለሽ፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

«ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ግን ደህና አይደለሁም፣ አንቺንም መዋሸት ሰልችቶኛል።

ያልደወልኩልሽ ሐኪሙ የሚያበራ ነገር ሁሉ ስለ ከለከለኝ ነው፤ ስልክም ኮምፒውተርም የለም። በስልክ የሚመጣ ድምፅም ጆሮዬ ውስጥ ይጮኽብኛል። በእጅ መጻፍ ግን በአንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ተፈቅዶልኛል። የቤት አከራዬ ሚስስ ኮርከም እንቁላል ሲቀቅሉ የሚሞሉትን ደወል አጠገቤ ያስቀምጡና ሲጮኽ መጥተው እስክሪብቶውን ይነጥቁኛል። ዛሬ ወረቀት ስጠይቃቸው «ዛሬም?» ብለው ትክ ብለው አዩኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ ወረቀት የሚሰስቱ አይመስሉኝም ነበር።

እታለም፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ እጄን ይዘሽ ምን ብለሽ እንዳስማልሽኝ አልረሳሁም። «ራግቢ አትጫወትም። አንተ የምትበላው በጭንቅላትህ ነው» አልሽኝ። በእናታችን መቃብር ማልኩልሽ። ያ መሐላ ስድስት ወር አልቆየም።

አምና «ለጤናዬ ከልጆች ጋር እሮጣለሁ» ብዬ የጻፍኩልሽ ራግቢውን ነው።

እንዲህ ሆነ። እዚህ ኖቫ ስኮሺያ ያለሁባት ትንሽ ከተማ እርሻዋ ሁሉ እንደኛው ከባሕር በታች ነው። ድሮ ሰዎች ረግረጉን በአፈር ግድብ ከበው ከባሕር ነጥቀው ያረሱት መሬት ነው። እኔም የመጣሁት ይህንኑ ተምሬ እንድመለስ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ከትምህርት ቤት ወደ ክፍሌ፣ ከክፍሌ ወደ ትምህርት ቤት ስል ከሰው ጋር ሳልስቅ ወራት አለፉ። በረዶው ሲቀልጥ መምህራችን የግድቡን ከፍታ እንድንለካ አወጡን። ከግድቡ ሥር ጎረምሶች ራግቢ ይጫወታሉ፤ ኳሷ ተሻግራ እግሬ ሥር ወደቀች። አንድ ግንባሩ የሰፋ ቀይ ሰውዬ «አንተ ልጅ! ወይ ኳሷን መልስ፣ ወይ ከነኳሷ ና!» ብሎ ጮኸ። መለኪያዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ከነኳሷ ወረድኩ። ሁለቱን አታለልኳቸው፣ ሦስተኛው ጭቃ ውስጥ ጣለኝ። እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ መጀመሪያ ያላበኝ ያን ቀን ነው።

ሰውዬው ዳረል ይባላል። ላም አርቢ ነው፤ የቡድኑ አምበልም እሱ ነው። ቡድኑን «ግድበኞች» ይሉታል፤ ገበሬ፣ መካኒክ፣ አንድ የሒሳብ መምህር፣ ሁለት ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ናቸው። ደሞዝ የለ፣ ተመልካችም ከሚስቶቻቸውና ከላሞቹ በቀር የለ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ከአገራችን የሚያውቁት የስኳር ከረጢት ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ስሜ «ስኳር» ሆኖ ቀረ። የዳረል እናት ቆብ ሠራችልኝ። በልደቴ ቀን የመልበሻ ክፍሉን በር ስከፍት ሁሉም ያለ የሌለ ስድብ እያወረዱብኝ ዘፈኑልኝ። በዚህ አገር በር የከፈተልኝ ትምህርት ቤቱ አልነበረም፤ እነሱ ናቸው። ይህን የምልሽ ላመካኝ አይደለም። ወድጃቸው ነበር፣ እስከ ዛሬም እወዳቸዋለሁ።

ደወሉ ጮኸ።

ዛሬ ደግሞ ልቀጥል። አሁን የምነግርሽ ነገር ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

በየዓመቱ በግንቦት፣ ጨዋታ ሳይጀመር፣ ተጫዋች ሁሉ የራስ ፈተና ይፈተናል። የምትፈትነን ወጌሻችን ሲስተር ሎርና ናት፤ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ነርስ ስትሆን ያለ ክፍያ ነው የምታገለግለን። አሥር ቃላት ታነባለች፣ አንተ ትመልሳለህ። ቁጥር ትጠራለች፣ ወደ ኋላ ትቆጥራለህ። ዓይንህን ጨፍነህ በአንድ እግር ትቆማለህ። ውጤቱ ተጽፎ ይቀመጣል። ኋላ ጨዋታ ላይ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ያንኑ ፈተና ይፈተንና ከግንቦቱ ካነሰ አርፎ ይቀመጣል፤ እኩል ከሆነ ይጫወታል። ሕጉ ይኸው ነው፤ ጥሩ ሕግ ነው።

ግድበኞች ግን ለሕጉ መላ አበጅተውለታል። ዳረል በዋዜማው ጠርቶኝ «ስኳር፣ ነገ ሞኝ ሁን» አለኝ። ለምን ስለው «በግንቦት ብልጥ የሆነ ሰው በመስከረም ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየናል። በግንቦት ደደብ የሆነ ግን ፈረስ ቢረግጠውም ይጫወታል። አባቴ ሦስት ቃል ነበር የሚያውቀው፣ እኔም ከሦስት አልፌ አላውቅም» አለ። ሁሉም ሳቁ። የሒሳብ መምህሩ እንኳ ወደ ኋላ መቁጠር አልችልም ብሎ በየዓመቱ ይወድቃል።

በማግሥቱ ሲስተር ሎርና በቡድኑ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቷን ዘርግታ ጠበቀችን። ዳረል በአንድ እግርህ ቁም ሲባል ሆን ብሎ ጋግራ ያመጣችልን ኬክ ላይ ወደቀ። «ይኼ ቡድን በየዓመቱ ደደብ ይወልዳል፤ ወተቱ ነው መሰለኝ» አለች። እሷም ታውቃለች፣ እነሱም እንደምታውቅ ያውቃሉ። የኔ ተራ ደረሰ። ማንኪያ፣ ፈረስ፣ ደመና፣ ቁልፍ፣ ምንጣፍ፣ ሎሚ፣ መሰላል፣ ጫማ፣ እንቁራሪት፣ ጡብ። አየሽ፣ ዛሬም አንዱ አልጎደለም። እኔ ግን «ማንኪያ… ፈረስ…» ብዬ ጣራ ጣራውን አየሁና፣ ብዙ ያሰብኩ መስዬ «ጡብ» አልኩ። ሲስተር ሎርና እስክሪብቶዋን አነሳች፣ ግን ቶሎ አልጻፈችም። «አንተም?» አለችኝ። «ዩኒቨርሲቲ የምትማረው አንተም?» ፈገግ አልኩላት። «3» ብላ ጻፈች።

ውጪ ስወጣ ትከሻዬን እየመቱ «አሁን የኛ ሆንክ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እታለም። የምትፈልጊኝ ያህል ብልህ ብሆን ኖሮ ያን ቀን ደስ አይለኝም ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ የአንድ ግዙፍ ሰው ጉልበት ጆሮ ግንዴን መታኝ። ወዲያው ተነሣሁ። ሲስተር ሎርና ከመስመሩ ውጪ አስቀምጣ ሌላ አሥር ቃላት አነበበችልኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺ ግን እነግርሻለሁ። በዚያች ሰዓት ማስመሰሌን ትቼ ከልቤ ሞከርኩ። አሥሩንም ልላት ፈልጌ ነበር። አራት ብቻ መጡልኝ። አምስተኛውን ስፈልገው ቦታው ባዶ ነበር። እንዲህ ዓይነት ባዶ ቦታ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ፈራሁ።

«ከግንቦት በአንድ በለጠ!» ብሎ ዳረል ጮኸ። «ይኼ ልጅ ሲመታ ነው እንዴ የሚበራለት? ደግመው ይምቱት!» ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ሲስተር ሎርና ግን አገጬን ያዘችና ቀስ ብላ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። በግንቦት ስንቱን ታውቀው ነበር?» አለችኝ።

ያኔ «አሥሩንም» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ናት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ለዋንጫ የምናልፍበት ጨዋታ ነበር፤ ዳረልም ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል። «ሦስት» አልኳት።

የሚቀጥለውን ቅዳሜ የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው። ኳሷን መስመር ሳሻግር ዳግመኛ ራሴን ተመታሁ አሉ፤ አሸንፈናልም። ግድቡን ቀና ብዬ ሳይ ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ በኋላ የሆስፒታል ጣራ ነው።

ደወሉ።

ራሴን አሞኝ ትንሽ ተኝቼ ተነሣሁ። በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል፤ ሚስስ ኮርከም በመስኮቱ ላይ የገና መብራት እየሰቀሉ ነው። ገና ስንት ቀን እያለ ይቸኩላሉ።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። አንድ ገጽ አንብቤ ስገልጥ ያነበብኩት አብሮ ይገለጣል። ሌላው ተማሪ ሲቸግረው ከኔ ማስታወሻ ይገለብጠው የነበረ የውኃ ፍሰት ስሌት አለ፤ አሁን ግማሹ ላይ ከየት እንደ ጀመርኩ ይጠፋኛል። ሁለት ፈተና ወደቅኩ። የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ግን ክፉ አልሆነብኝም። ጭንቅላቴን በመመታቴ ያጣሁት ነገር እንዳለ ሐኪም ከመሰከረልኝ አንድ ዓመት ቦታዬን ይጠብቁልኛል፤ ካልመሰከረ ግን ሰነፍ ተማሪ ነኝና ነፃ ትምህርቱ ይሰረዛል፣ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። ማስረጃ የሚቀበሉት እስከ ኅዳር መጨረሻ ዓርብ ነው፤ ገና ሦስት ሳምንት አለኝ።

ሐኪሙም መልካም ሰው ነው። ፈተነኝ፣ ከዚያ የቡድኑን ወረቀት አስመጣና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በግንቦት ሦስት ቃል፣ አሁን ሦስት ቃል። በግንቦት በአንድ እግር አራት ሰኮንድ፣ አሁንም አራት። «ደስ ይበልህ፤ የጎደለብህ ነገር አይታየኝም። ድሮም እንዲህ ነበርክ» አለኝ። ድሮም! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሞኝነቴን በገዛ አፌ አስጽፌ ወረቀቱን አስያዝኩት። «የግንቦቱን ሆን ብዬ ነው ያበላሸሁት፣ አሥሩንም አውቃቸው ነበር» ብዬ ብነግረው፣ ወድቀው የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ እንዲህ እንደሚሉ በአዘኔታ ነገረኝ።

ባለፈው እሑድ ዳረል ወተትና ሥጋ ይዞ መጣ። ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ የቡድኑን ልማድ እንዲናገርልኝ ለመንኩት። ቆቡን በእጁ ያዞር ጀመር። «ይህን ከተናገርኩ ሊጉ ይዘጋናል። ሲስተር ሎርናን በስተርጅና ፍርድ ቤት ያቆሟታል» አለ። ከዚያ ወለሉን እያየ «ስኳር፣ ሦስት ያልከው እኮ አንተ ነህ። እኔ አይደለሁም» አለኝ። እውነቱን ነው። እንባ በዓይኑ ሞልቶ ነበር፤ ግን ሳይቀመጥ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከግድበኞች አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም። የአንድ ክረምት ጓደኛ ብዬ የአንቺን የዕድሜ ልክ ልፋት ጣልኩት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህ ነው። በዚህ አገር እኔ ምን እንደ ነበርኩ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ወረቀቱ ብቻ ነው የሚያውቀኝ። በዓለም ላይ የሚመሰክርልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አባታችን የኮከሩ ጠባቂ ሳለ የባሕሩን መሙያና መጉደያ ሰዓት የያዘውን መጽሐፍ በደብተሬ እየገለበጥኩ ወሩን ሙሉ በቃሌ እይዘው እንደ ነበር ጻፊላቸው። አንቺ መጽሐፉን ይዘሽ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ስመልስ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሰማ እንደ ነበር ጻፊላቸው። አባባ በወባ የተኛ ጊዜ መጽሐፉ ጠፍቶ፣ አጎት ከትበርት የዘጠኝ ዓመቱን እኔን ትከሻቸው ላይ አድርገው ኮከሩ ድረስ ወስደውኝ፣ «አሁን ዝጉ» ስል ዘግተው፣ ዐሥራ አንድ ቀን ሠፈሩ አንድ ጠብታ እንዳልገባበት ጻፊላቸው። ደብተሮቹም በእናታችን ሣጥን ውስጥ ይሆናሉ፤ ላኪልኝ። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ የወረቀቱ መጨማደድ እሱ ነው።

መሐላዬን ስለማፍረሴ ይቅር በይኝ። ነርስነቱን ትተሽ እኔን ስታሳድጊ አንድ ቀን እንኳ አልቆጠርሽብኝም። እኔ ግን ያን ሁሉ ጭቃ ላይ ይዤው ወረድኩ።

ደወሉ ጮኋል፤ ሚስስ ኮርከም መጡ።

እታለም፣ ጉድ ልንገርሽ! ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ካልሲ ፍለጋ አልጋዬ ሥር ብገባ ምን አገኘሁ መሰለሽ? የኛ ሠፈር ፖስታ ቤት ማኅተም ያለበት ጥቅል። ገመዱ ተቆርጧል። ሦስቱም ደብተሮች አሉበት፣ አባባ ቡና ያፈሰሰበት ሳይቀር። ለጽሕፈት ቤቱ የጻፍሽው አራት ገጽ ደብዳቤም አለ፤ የጠየቅኩሽን ሁሉ፣ የአጎት ከትበርትን ትከሻ እንኳ ሳትረሺ ጽፈሽዋል። ሳልጠይቅሽ ቀድሞ ማወቅ ድሮም ልማድሽ ነው! እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። የገና ወጥ የምታጠቁሪበትን ካሳሪፕም ልከሻል፤ ጠርሙሱ ግን ከግማሽ በታች ነው። ሚስስ ኮርከምን ብጠይቃቸው «አንተው አሠራሩን አሳይተኸኝ ሁለት ሳምንት በላነው እኮ» አሉኝ። ከሌላ ተከራይ ጋር አምታተውኝ ይሆናል።

ለእኔ የጻፍሽልኝም ቁራጭ ወረቀት አለ። «ሦስቱም ደብዳቤዎችህ በአንድ ቀን ደረሱኝ። በሩ ተጠግኗል፣ ጉልበቴም ደህና ነው፣ መሐላውንም ትቼዋለሁ። አይዞህ የኔ ልጅ» ይላል። ሦስት ደብዳቤ የሚለው አልገባኝም፤ የኔ ይኸው አንዱ ነው። ይቅር ማለትሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት።

ነገ በጠዋት ደብዳቤሽንና ደብተሮቹን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ እሄዳለሁ፤ እስከ ዓርብ ብዙ ቀን አለ። ይህን ስነግራቸው ሚስስ ኮርከም አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ዓርብ እኮ አለፈ፣ ልጄ። አልፏል» አሉና እጄን ያዙኝ። አርጅተዋል፤ ቀን ይምታታባቸዋል። እንዳላሳፍራቸው ብዬ «እሺ» አልኳቸው።

ማታ ደብተሩን ይዘውልኝ፣ እኔ እንደ ድሮው ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ሞከርኩት። እዚህ ገጽ ላይ የአንድ ልጅ ጽሑፍ አለ፤ ቀጥ ያለ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት። ጎበዝ ልጅ ነበር።

እንግዲህ እታለም፣ የእናታችን አምላክ ከውኃም ከበሽታም ይጠብቅሽ። ያሳደገኝ እጅሽ አይድከም፣ ደጅሽ አይጉደል፣ ዓይን ለዓይን እስክንተያይ በጤና ያቆይሽ። የአጎት ከትበርትን ጉልበት ሳሚልኝ።

አንቺው ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ

ልዘጋው ስል አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ መቅረቴ ትዝ አለኝ። ያ የኮከሩ በር፣ ጣውላው የበሰበሰው፣ ተጠገነ ወይ? ቶሎ ጻፊልኝ፤ ዝናብ በሰማሁ ቁጥር አሳቡ እንቅልፍ ይነሳኛል።